ሰባቱ ጥያቄዎችና የመርከቡ ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ ማርያምን አታምኑኝም፣ እንስሳት የራሳቸው የነዳጅ ወደብ ነበራቸው። ዛሬ ብትሄዱ የምታገኙት የዛገ ቧንቧና ቧንቧው ላይ የሚያንቀላፉ ወፎችን ብቻ ነው። ያኔ ግን ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመሄድ ሦስት ጥንድ ጫማ የሚያስጨርስ መርከብ እየመጣ፣ ሆዱን ላምባ ሞልቶ፣ ባሕር ማዶ ላሉ አውሬዎች ሁሉ የኩራዝ መብራት ያደርስ ነበር። መርከቡ ሲሞላ ባሕሩ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ያልመሰለው ዓሣ ይጠይቅ።

የወደቡን ቫልቭ የምትከፍተውና የምትዘጋው አህያ ነበረች። በወጣትነቷ አሞሌ ጨው ስትጭን ኖራ ጀርባዋ ተልጧል። ከዚያ መከራ ወጥታ ጥላ ያለበት ሥራ ካገኘች ወዲህ ጨው የሚባል ነገር ወጥ ውስጥ እንኳ ማየት አትወድም። መርከቡ ላይ ደግሞ አባ ኤሊ ነበሩ። ላምባው መፍሰስ ከመጀመሩ በፊት እሷ ከምድር ሆና ሰባት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ እሳቸው ከመርከቡ ሆነው ይመልሳሉ። ሕጉ አንድ ነበር፤ የተጠየቀውን ነገር በእጅ ሳይነኩ መልስ የለም።

«አባ፣ መርከቡ ታስሯል?» ትላለች።

አባ ኤሊ ጉዞ ይጀምራሉ። መርከቡን ከምድር ጋር የሚይዙት አራት ጠፍሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከመቶ በሬ ቆዳ የተገመደ። አራቱንም ዳስሰው «በእጄ ይዤዋለሁ፣ ልጄ» እስኪሉ ድረስ አህያ እንቅልፍ ተኝታ፣ ሕልም አይታ፣ ሕልሙንም ለጎረቤት አውርታ ትመለሳለች። ከዚያ የመርከቡ ምድጃ ጠፍቷል ወይ፣ ብልጭታ ወደ ምድር የሚያወርደው ሽቦ ተገጥሟል ወይ፣ ላምባውን ከወደቡ ወደ መርከቡ የሚያሻግረው ቱቦ አፉ ጠብቋል ወይ፣ ወደ ባሕር የሚያፈሱት የወለሉ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል ወይ፣ ታንኩ ውስጥ ቦታ አለ ወይ፣ «አቁሚ» የሚለው ደወል ይጮሃል ወይ እያለች ትቀጥላለች። ለእያንዳንዱም ያው የተረጋጋ ድምፅ ከወዲያ ይመጣል። ሰባተኛው ሲያልቅ አህያ ቫልቩን በጥርሷ ነክሳ ትንሽ ብቻ ትከፍተዋለች፤ መጀመሪያ በቀስታ። ቱቦው ማንጎራጎር ሲጀምር ሁለቱ፣ አንዷ ከምድር አንዱ ከመርከብ፣ ያዳምጡታል። እንዲህ ያለ ዘመን ነበር።

ቀበሮ ግን የአባ ኤሊን አልጋ ይመኝ ነበር። በመርከቡ ጓዳ ውስጥ፣ በመስኮቷ ነፋስ የሚገባባት፣ ለስላሳ አልጋ። ስለዚህ የወደቡ ጌታ ወደ ሆነው ወደ አንበሳ ሄደ። መርከቡ በግማሽ ቀን እንደሚሞላ፣ ነገር ግን ሦስት ቀን እንደሚቆም፣ ሁለት ቀን ተኩሉ የኤሊ የእግር ጉዞ መሆኑን አስረዳው። አንበሳ በዚያ ሐሩር ሲጠብቅ ጋማው ሁለት ጊዜ ረግፎ ሁለት ጊዜ በቅሎ ነበርና ነገሩ ገባው። አባ ኤሊ እንዲያርፉ፣ በቦታቸው ፈጣኑ ጅብ እንዲተካ አዘዘ። አባ ኤሊም ኮፍያቸውን አድርገው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

ጅብ አህያን በሥራ ሰዓት ላይበላ ፈርሞ መርከቡ ላይ ወጣ። ቀበሮም ሥራውን አስተማረው።

«አያ ጅቦ፣ ሥራው ቀላል ነው። ሰባት ጊዜ ትጠይቅሃለች፣ ሰባት ጊዜ አዎ በል። ከተኛህበት መነሳት የለብህም።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ አልለመደምና ላብ አጠመቀው። «ስምንት ጊዜ ብትጠይቀኝስ?»

«ያኔም አዎ ነው» አለ ቀበሮ፣ አልጋውን እያነጠፈ።

በማግስቱ አንበሳ ሥራው እንዴት እንደሚፈጥን ለማየት ራሱ መጥቶ ከአህያ አጠገብ ተቀመጠ። የምሰሶውን ጥላ በጥፍሩ አሳያት።

«ይህ ጥላ እግሬ ጋ ሳይደርስ ቫልቩ ካልተከፈተ፣ ነገ አሞሌ ትጭኛለሽ» አላት።

የአህያ የተላጠ ጀርባ ገና ስሙን ሲሰማ አሳከካት። ጉሮሮዋን ጠርጋ መርከቡ ታስሯል ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከአፏ ሳያልቅ ከወዲያ «አዎ» የሚል መጣ፤ አፉ ጉርሻ እንደሞላበት የታፈነ «አዎ»። ስለ ምድጃው ጠየቀች፤ አዎ። ስለ ሽቦው፤ አዎ። ሰባቱም አንድ ማስነጠስ በማይሞላ ጊዜ አለቁ። አንበሳ በደስታ ጭራውን አወዛወዘ። አህያ ግን «በእጄ ይዤዋለሁ፣ ልጄ» የሚለውን ድምፅ ናፈቀች። በአራት እርምጃ መካከል አንድ ወቅት የሚያልፍባቸው ሽማግሌ ናፈቋት።

ጥላው አንድ ጣት ቀርቶታል። አህያ ቫልቩን ነከሰች።

ያኔ ቱቦውን አየች። ቱቦው ከጥንት ጀምሮ መሐሉ ረግቦ ውሃውን የሚነካ፣ ትናንሽ ዓሦች ጀርባቸውን የሚያኩበት ነበር። አሁን እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ከጓዳውም የምድጃ ጢስ ይታያታል። አንበሳ ዓይኑን ከጥላው አልነቀለም፤ እንይ ብትለው ሰባቱ ተመልሰዋል እንደሚል አወቀች። ጥርሷን ከቫልቩ ላይ አነሳች።

«ሌላ ምን ቀረሽ?» አላት አንበሳ።

«አንዲት ብቻ፣ ጌታዬ።» ወደ መርከቡ ዞረች። «አያ ጅቦ፣ አፍህ ውስጥ ያለው የመርከቡ ጠፍር ነው?»

«አዎ» አለ ጅብ።

አንበሳ ቆመ። ከአራቱ ጠፍሮች የቀረው አንድ፣ እሱም ግማሹ የታኘከ። ያም ተበጠሰና መርከቡ ቀስ እያለ ወደ መሐል ባሕር ይሄዳል። ቱቦው ተነቅሎ ጷ ብሎ ውሃው ላይ ወደቀ፤ ባዶውን፣ አንዲት ጠብታ ሳይወጣው። ቫልቩ ተከፍቶ ቢሆን ላምባው ባሕሩን ያለብስ፣ ያልጠፋው ምድጃም ወደቡን፣ መርከቡንና አህያን አንድ ችቦ ያደርጋቸው ነበር።

ዝሆኖች መርከቡን ጎትተው መለሱ። ጅብ የበላው ቆዳ እንጂ ገመድ እንዳልሆነ፣ ቆዳው መርከብ መያዙንም ማንም እንዳልነገረው ተሟገተ። ቀበሮ አሞሌ እንዲጭን ተፈረደበት። አባ ኤሊ ይጠሩ ሲባል ገና የወደቡ በር ጋ ነበሩ፤ ለመመለስ አንድ ቀን ፈጀባቸው። አንበሳ ግን ጥላ ሳይለካ ጠበቀ፤ ጋማው ሦስተኛ ጊዜ ረገፈ። በሦስተኛው ቀን «በእጄ ይዤዋለሁ፣ ልጄ» የሚለው ድምፅ ውሃውን ተሻግሮ ሲመጣ አህያ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ወደቡ ከተዘጋ በኋላም፣ ነፋስ በዛገው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ፣ ያንኑ ድምፅ የሰማች እየመሰላት ጆሮዋን ታቆም ነበር ይባላል።

ከዚህ የምንማረው፣ አንበሳ ጅብን በጆሮው ይዞ «ሌሎቹን ስድስቱንስ ሄደህ አይተህ ነው ወይ አዎ ያልከው?» ብሎ ሲጠይቀው ከጅብ አፍ ያመለጠችውን ቃል ነው፤ «ሄጄ ባየውማ ኖሮ አዎ አልልም ነበር።»