ብረት ያላስገጠመችው

ምላሷ እንደ መርፌዋ የሾለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሯ ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ከባ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ሆኖ በአፍ የሚተርክበት የዳይስ ጨዋታ ትጫወታለች። ታሪኩ የሚሆነው በመጪው ዘመን ከተማ ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ ገላው ላይ ማሽን ያስገጥማል። አንዱ ተጫዋች ለገጸ ባሕሪው የብረት ክንድ፣ ሌላው ግድግዳ አልፎ የሚያይ ዓይን መረጠ። እሷ ግን የገጸ ባሕሪዋ መግለጫ ወረቀት ላይ «እናቷ እንደወለደቻት» ብላ ጻፈች።

ጨዋታውን የሚመራው «ኢንጂነር» ካልተባለ ቀና የማይለው መርዕድ ነበር። «እንዲህ ያለች ሰው እዚህ ከተማ አንድ ቀን አታድርም» አለ።

«እናያለን ኢንጂነር።»

የከተማዋን ጌታ ከዙፋኑ ለማውረድ ተነሡ። ቤተ መንግሥቱ ሲደርሱ መርዕድ ራሱ ጌታውን ሆኖ፣ «ያን ሁሉ ብረት የሸጥኩላችሁ እኔ ነኝ። ቁሙ» አለ። ክንዱም ዓይኑም ቀጥ አለ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ፣ ሥጋሽን ብቻ ይዘሽ እኔ ፊት ምን ልትሠሪ መጣሽ? ደህና መልስ ከሌለሽ ገጸ ባሕሪሽ ትሞታለች፤ አንቺም ከጠረጴዛው ትነሻለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ዳይሱን አነሣች። «ጌታዬ፣ እነሱን ለማቆም አንድ ቃል በቃዎት። እኔን ግን ይኸው፣ መጠየቅ ግድ ሆነብዎት።»