ማሲንቆ የሌለበት የጎንደር ጉዞ

አንድ ሰው ነበረ። አዳማ ከተማ የሚኖር፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ። ሚስቱን የሚወድ፣ ልጆቹን አንቀባርሮ ያሳደገ፣ ሠፈሩ ውስጥ ጠብ ሲነሣ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው። የራሱ ስም ይቆየን፤ ለዛሬ የሚያስፈልገን የአባቱ ስም ነው።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ያለቀ ሰሞን ልጆቹን ሰብስቦ፣ “ዘንድሮ አኩርታችሁኛል፣ ኮርቼባችኋለሁ። የአንድ ሳምንት ዕረፍት አለኝ። የት እንሂድ?” አላቸው። እሱ በልቡ ሐዋሳን ይዟል። ሐይቅ፣ ዓሣ፣ ጀልባ፣ አለቀ።

ልጆቹ በአንድ አፍ “ጎንደር!” አሉት።

ትልቋ ማኅደር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ማሲንቆ ተምራለች። ታናሽ ወንድሟ ናሆም አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ስልክ ከእጁ የማይወርድ፣ የሰማውን ዜማ ሁሉ የሚቀዳ ልጅ። “አባዬ፣ ማሲንቆን ከባለቤቶቹ ሳልሰማ ተጫወትኩ ልል ነው?” አለች ማኅደር። አባትየው “እናያለን” አለ። “እናያለን” የምትለዋን ቃል ታውቋታላችሁ አይደል? አባት ሲላት “አይሆንም” ማለት ናት።

ለምን ፈራ? ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የተወለደው ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ የአዝማሪዎች መንደር ነው። አባቱ ይርዳው ባለማሲንቆ ነበር። ልጆቹ ግን አያታቸውን እህል ነጋዴ አድርገው ነው የሚያውቋቸው። እንዲያ ብሎ የነገራቸው እሱ ነዋ! ከሰባት ዓመት በፊት ይርዳው ሲሞት፣ ለመስክ ሥራ እሄዳለሁ ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ አባቱን ቀበረ፣ ተመለሰ። እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ አስናቀች ብቻ ነበረች፤ እሷንም አስምሏታል።

አንዳንዶቻችሁ አዝማሪ ሲባል ፊታችሁን ቋጠራችሁ፤ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። ቆዩ። ሠርጋችሁ ላይ ማን ነበር ያደመቀላችሁ? ሲዘፍን አጨብጭበን፣ ልጃችንን ሲጠይቅ ዘሩን የምንቆጥር እኛ አይደለንም?

ሰውየው ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ አባቱን ተከትሎ ሠርግ ሄዶ ነበር። የአዝማሪን ወግ ታውቁታላችሁ። እንግዳው “ተቀበል!” ብሎ ግጥም ከሰጠ፣ ባለማሲንቆው የተሰጠውን ደግሞ ማዜም አለበት። ምርቃት ቢሆን ምርቃቱን፣ ስድብ ቢሆን ስድቡን። ያን ቀን ሞቅ ያለው አንዱ ሠርገኛ ስድብ ሰጠ። ይርዳው ፈገግ ብሎ በገዛ አፉ ራሱን ሰደበ፤ ድንኳኑ በሣቅ ፈረሰ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ደፍቶም አደገ።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። እናት ከልጆቹ ጋር ወገነችና ሦስት ለአንድ ተረታ። ጎንደር ተወሰነ። ግን ይህ ሰው በዋዛ የሚረታ አይደለም። ቁጭ ብሎ ፕሮግራም አወጣ። የፋሲል ግቢ ይሄን ያህል ሰዓት፣ ቁስቋም ይሄን ያህል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የጥምቀቱ መዋኛ፣ ገበያ፣ እንደገና የፋሲል ግቢ። አራት ቀን ሙሉ መተንፈሻ የላትም። ሙዚቃማ ጭራሽ አልተጠራችም።

ማኅደር ወረቀቱን አነበበችና፣ “አባዬ፣ ምሳ አሥራ አምስት ደቂቃ? አጉራሽ ትቀጥርልናለህ?” አለችው። ናሆም ደግሞ፣ “ፋሲል ግቢን ሁለቴ ስናየው ይጨምራል እንዴ?” አለ። እንግዲህ ጎረምሳና ኮረዳ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ድርድሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ አባትየው አንድ ምሳ ለቀቀ። እሑድ፣ ማሲንቆ ባለበት ምግብ ቤት፣ አንድ ሰዓት ብቻ።

እሑድ ደረሰ። ምግብ ቤቱ ጢም ብሏል። ሰውየው ጥግ መርጦ፣ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ባለማሲንቆ በየጠረጴዛው እየዞሩ ስም ይጠይቃሉ፣ ያወድሳሉ፣ ይመርቃሉ። እነሱም ጋ ደረሱ።

“ጌታዬ፣ ስምዎን?”

ስሙን ነገራቸው።

“የማን ልጅ ልበል?”

“እሱ ይበቃል፣ አባባ።”

ሽማግሌው ነገሩን አልገፉትም፤ ባገኙት ስም አወድሰው አለፉ። ማኅደር ግን አባቷን አየችው። ፊቱ ላይ ላብ አለ። “አመመህ እንዴ?” አለችው። “ሙቀቱ ነው” አለ። የጥር ጎንደር! ሙቀት!

ከአጠገባቸው ጠረጴዛ ሙሉ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ይሣሣቃል። ሽማግሌው እዚያ ሲደርሱ ብድግ አለና “ተቀበል!” አለ።

“እሺ ጌታዬ።”

“እጁ ለማረሻ ቢሰንፍ ቢለግም፣
የፈረስ ጭራ ይዞ ይለምናል የትም።”

ሽማግሌው ደጋናቸውን ሳብ አደረጉ፣ ፈገግ አሉ፣ ተቀበሉት። በገዛ አፋቸው፣ በዚያ ባማረ ድምፅ፣ ራሳቸውን ሰደቡ። ቤቱ ሣቀ። ናሆም ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አወረደ። ማኅደር አልሣቀችም። “አባዬ፣ እሳቸውን ነው እኮ የሰደባቸው። ለምን ይዘፍኑለታል? ልጆቻቸው ቢሰሙስ?” አለች።

ልጆቻቸው ቢሰሙስ! ከጥይት ይከፋል ይህ ቃል። ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ የሸሸው ሣቅ ጎንደር ድረስ ጠብቆት ነበር። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። አንድ ሰዓቷ ልታልቅ ነው፤ ነገ አዳማ ይገባል፤ ልጆቹም የእህል ነጋዴ የልጅ ልጆች ሆነው ይኖራሉ። ቢናገር ግን ልጆቹ ፊት ውሸታም ነው። አስናቀች ከጠረጴዛው ሥር እጁን ያዘችው። ልታስቀምጠው ነው ወይስ ልታስነሣው? እሱም አላወቀም። ብቻ ተነሣ።

“ተቀበሉ!” አለ።

ሽማግሌው ዞሩ። “እሺ፣ ጌታዬ።”

“አባቴን ብትሉ ይርዳው ነው አዝማሪ፣
በጭራ አሳድጎ ያረገኝ ተማሪ።”

ሽማግሌው የመጀመሪያውን ስንኝ አዜሙ። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ደጋናቸው ቆመ። ማሲንቆውን ከጉልበታቸው አወረዱና ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት። አሁን “ጌታዬ” ቀረ፣ “እርስዎ” ቀረ።

“የይርዳው ልጅ ነህ? የኛው የይርዳው?”

“አዎ፣ አባባ።”

“አንተን ነው ታዲያ ሲዘፍንህ የኖረው! ስንቱን ሠርግ አብረን ዞረናል። ሙሽራውን ሳያወድስ በፊት ያንተን ስም ያነሣል። ‘ልጄ ቢሮ አለው፣ ልጄ ማኅተም ይመታል’ ይላል። ‘ኧረ ይርዳው፣ ደጋሾቹ ይቀየሙናል’ ስንለው፣ ‘ይቀየሙ! እኔ እንዲህ ያለ ልጅ አለኝ’ ይለን ነበር። አንድ ሠርግ አላለፈህም፣ ልጄ።”

ሰውየው ቆሞ አለቀሰ። ኃላፊ ነው፣ አስታራቂ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በሰው ሁሉ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሱ የአባቱን ስም እየደበቀ አርባ ዓመት ሲኖር፣ አባቱ የእሱን ስም በየድንኳኑ እየጠራ ሲኮራ ኖሯል።

ባለ ሙሉ ልብሱ ሰውዬ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሣቅ የት አባቱ ይገኛል!

ልጆቹስ? የአያታቸውን ሞትና ቀብር ሳይቀር ሁሉንም እዚያው ነገራቸው። ማኅደር አልማረችውም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። “ለቅሶውን እንኳ አልነገርከንም፣ አባዬ። አያቴን ሳላውቃቸው ቀሩ” አለችው፤ ዕንባዋ እየወረደ። “አጠፋሁ፣ ልጄ” አላት። ከዚያ ልጅቱ ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ወደ ሽማግሌው ሄደች። ቤቱ ሁሉ እስኪሰማት ድረስ ጮክ ብላ፣ “አባባ፣ እኔ የባለማሲንቆው የይርዳው የልጅ ልጅ ነኝ። እኔም እጫወታለሁ። ማሲንቆዎን ያውሱኝ” አለች። ናሆም ወንበር ላይ ወጥቶ “እኔም ነኝ!” አለ። እናቱ “ውረድ!” አላለችውም።

ማሲንቆውን ተቀብላ ተጫወተች። እጇ ትንሽ ተሳስቷል፤ አባቷ ከመቀመጫው ሆኖ “ጭራው ላልቷል፣ ጠበቅ አድርጊው” አላት። ማሲንቆ ከያዘች ጀምሮ እርማት ሲሰጣት የመጀመሪያው ነበር። ያቺ አንድ ሰዓት ሦስት ሰዓት ሆነች፤ ፋሲል ግቢም ሁለተኛ ሳይታይ ቀረ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጎንደር መሄድ አያስፈልገንም።

እናቷ ጉሊት ተቀምጣ ያስተማረቻት፣ ለጓደኞቿ ግን “የሠፈራችን ሴትዮ ናት” ያለች የለችም ከዚህ? አባቱ የለበሰውን ጋቢ አይቶ “ምርቃቴ ላይ ባይመጣ” ብሎ የጸለየ የለም? ያ አባት እኮ ዛሬ ሠፈር ውስጥ ለአላፊ አግዳሚው “ልጄ፣ ልጄ” እያለ ነው። እናንተ ስትደብቁት እሱ ስለ እናንተ ያወራል።

አልፌ ልሂድ፣ ከዚህ የባሰ አለና። በጸሎታችን ጊዜ “አባት” ብለን የምንጠራው ማን ነው? እዚህ እልል እንላለን፣ እናጨበጭባለን። ሰኞ ቢሮ ገብተን አለቃችን በእምነታችን ሲቀልድ፣ አብረነው አልሣቅንም? ምሳ ላይ ሰው እንዳያየን ብለን ሳንባርክ አልጎረስንም? እሱ ግን አላፈረብንም። በደላችንን እያወቀ፣ ክህደታችንን እያየ፣ በመላእክቱ ፊት “ልጄ ነው፣ ልጄ ናት” ይላል። ስድባችንን ተሸክሞ የቆመው ድምፅ አጥቶ ይመስላችኋል? ልጅ ሊያሳድግ ነው እንጂ!

እኮራባችኋለሁ ካለን አባት በላይ ምን ሹመት አለ? ንገሩኝ እስቲ፣ ምን አለ?

ያ ሰው አባቱን በሰው ፊት ጠራ። መልካም አደረገ፤ ልጆቹም ኮሩበት። ግን ልቤን የሚበላኝ አንድ ነገር አለ። ይርዳው ያን ግጥም አልሰማም። ሰባት ዓመት ዘገየ።

የእናንተ አባት ግን ይሰማል። ምን ትጠብቃላችሁ?