የአህይት መኪና ሕመም

አንድ ጊዜ አህያ መኪና ገዛች። ምን ያስቃችኋል? ስንት ዘመን ሙሉ የአገሩን እህል በጀርባዋ ስታመላልስ ማንም አልሳቀ፤ ዛሬ መሪ ብትጨብጥ ነው የሚያስቀው? ደግሞ መኪና ስላችሁ የሚያብረቀርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት፣ የግራ በሯ በገመድ የታሰረ ነው፤ ቀለሟ ሰማያዊ ይሁን አመድማ ለመለየት ያስቸግራል። ከአህይት በፊት አምስት ባለቤት ቀብራለች።

አህይት ግን ትወዳታለች፤ ብትወዳትም አይፈረድባትም። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ጆንያ ጀርባዋ ላይ አርፎ አያውቅም። የድሮው ገጣባዋ ሽሮ በላዩ ፀጉር በቅሎበታል። ጠዋት ጠዋት አንገቷን አዙራ ያንን አዲስ ፀጉር ታየዋለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውላለች።

ደስታ መቼ ይበረክታል? መኪናዋ ታመመች። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር «እህ፣ እህ፣ እህ» ብላ ታቃስትና ዝም ትላለች፤ ጎረቤት ተጠርቶ ካልገፋት ንቅንቅ የለም። ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደውን አቀበት ስትጀምር ደግሞ ትግላለች፤ ውሃዋ ይፈላል፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይንቦለቦላል። አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ይህን የምታውቀው አህይት ብቻ ናት። ቤንዚን በሰጠቻት ቁጥር ከፊት በኩል «ጭርርር» የሚል ድምፅ ይሰማታል።

የሰፈሩ ሽማግሌ በሬ ነው። ወሬውን ሰምቶ መጣ። በሬ ክፉ አይደለም፤ ግን የሚያሳስበው እህሉ ነው።

«አህይት፣ ወፍጮ ቤቱ የሚሠራው ቅዳሜ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። የሰፈሩ ዱቄት አልቋል። መኪናሽ እስከ ቅዳሜ ከዳነች እሰየው። ካልዳነች ግን…» አለና ጀርባዋን አየት አደረገ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እንደ ድሮው ነው።»

አህይት ያን ቀን ሣር አልበላ አላት። ገጣባ ያላወጣ ሰው ይህ ጭንቀት አይገባውም።

በአገሩ ያለው ጋራዥ አንድ ነው፤ እሱም የቀበሮ ነው። ከዋርካው ሥር «ዘመናዊ ጋራዥ» ብሎ በትልቁ ጽፎ ሰቅሏል። ራሱም ዘይት የጠጣ ሰፊ ሱሪ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ የመጣውን ሁሉ በግማሽ ዓይኑ እያየ ይቀመጣል። አብሮት የሚሠራው አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ከቆላ የመጣ ዕለት «እኔ በአገሬ ስንት የጭነት መኪና ፈትቻለሁ» ብሎ ተቀጠረ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ወደ ጋራዥ ያመጣው የግራሶ ሽታ ነው።

«አህያ ጅብ ያለበት ጋራዥ ምን ወሰዳት?» ትሉኝ ይሆናል። አሮጌ መኪና ያለው ምርጫ የለውም፤ የያዘው ያውቀዋል።

አህይት ሮብ ዕለት መኪናዋን አስገፍታ ደረሰች። ቀበሮ ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ሞተሩ ላይ ጫነና ራሱን ነቀነቀ።

«ባትሪ ነው።»

አህይት ስለ ጭርርርታው ልትናገር አፏን ከፈተች። ወዲያው ይሉኝታ ያዛት። «ባለሙያ ማስተማር ነውር ነው» አለች በልቧ። «ደግሞስ አህያ ምን ታውቃለች ቢለኝ?» አፏን መልሳ ዘጋች።

«እርስዎ እንዳሉ ጋሼ ቀበሮ» አለችው።

«ይቀየር!» አለ አያ ጅቦ። ከሙያው የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ነች።

የአህይት ባትሪ ወጥቶ ከቀበሮ መደርደሪያ ሌላ ገባ። መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። አህይት ደስ ብሏት እየዘፈነች ወደ ቤቷ ነዳች። ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ብታዞር «እህ» እንኳ የለም።

እንደገና ተገፍታ መጣች። ቀበሮ አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ «ካንዴላ ነው» አለ። ደህና ካንዴላዎቿ ተፈትተው ወደ መደርደሪያው ሄዱ፤ ጥቀርሻ የበላቸው አሮጌዎች ገቡ። ቀበሮ ይህን ሲያደርግ አያ ጅቦ ጭንቅላቱን ኮፈኑ ውስጥ ቀብሮ ነበር። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል።

«ምን እየበላህ ነው?» አለው ቀበሮ።

«ግራሶ ነው አለቃ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ዓርብ ካርቡራቶሩ ተወቀሰ። እሱም ወጥቶ ሌላ ሲገባ መኪናዋ ጭራሽ ማቃሰቷንም ተወች። ያን ጊዜ ቀበሮ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ በሐዘን ድምፅ ተናገረ።

«እመት አህይት፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ሞተሩ አልቋል። ይልቅ እዚሁ ተይልኝና ሂጂ፤ ለመለዋወጫ ብትሆን እንኳ ትሁነኝ።»

«አንቺም ከፈለግሽ እዚሁ እደሪ» አለ አያ ጅቦ፣ ጭኗን በዓይኑ እየለካ።

አህይት በፍጥነት ወጣች። መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ከአንድ ጉቶ አጠገብ ቆማ አለቀሰች። ነገ ቅዳሜ ነው። ስምንት ጆንያ፣ ያ አቀበት፣ ያ ገመድ። ጀርባዋ ከወዲሁ አሳከካት።

«የሚያስለቅስሽ ምንድን ነው ልጄ?» አለ አንድ ድምፅ ከእግሯ ሥር።

ኤሊ ናት። እማማ ኤሊ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው እዚያው መንገድ ዳር ነው። አህይት ሁሉንም ነገረቻት። ኤሊ በመሐል አላቋረጠቻትም፤ ሲያልቅ ነው ጥያቄ የጀመረችው።

«አዲሱ ባትሪ የገባ ዕለት ምን ሆነች?»

«ወዲያው ተነሳች። በማግሥቱ ሞተች።»

«የምትግለው ሜዳ ላይ ነው አቀበት ላይ?»

«አቀበት ላይ፤ ሞተሩ ሲጨነቅ።»

«ድምፅስ?»

አህይት አንገቷን ደፋች። «አለ እማማ። ከፊት ጭርርር ይላል። ቤንዚን ስሰጣት ይብሳል።»

«ይህን ለቀበሮ ነገርሽው?»

«ኧረ እኔ! ይሉኝታ ያዘኝ። እሱ ባለሙያ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«የምትነጃት ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ራሴን ነው ሆዴን ነው ሳትይ ትተኛለሽ? እንዲያ ከሆነማ እግርሽን ቢቆርጡልሽም አይገርመኝም። ስሚኝ ልጄ፣ እኔ መንገድ ሳቋርጥ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። የመኪና ድምፅ ከሩቅ ባልለይ ኖሮ ይኸን ጊዜ የጀርባዬ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚቀረው። የመኪናሽ ነገር ምን እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ፤ ነገር ግን ሳላይ አልናገርም። ነገ ጠዋት ጋራዡ ጋ እንገናኝ።»

«በጀርባዬ ልውሰድዎት?» አለች አህይት።

«ጀርባሽ ዳነ አሉ፤ ሸክሙን እኔ አልጀምርልሽም። አሁን ከተነሳሁ እደርሳለሁ» አለችና መንገድ ጀመረች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዋርካው ሥር ሕዝብ ተሰብስቧል። መኪና ቆመ ከተባለ በአገራችን መካኒክ ያልሆነ ማን አለ? ፍየል ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል ትላለች። በግ ፍየል ያለችውን ትደግማለች። ጦጣ ዛፉ ላይ ሆና «ዓይን በልቷት ነው፤ የሰው ዓይን» ትላለች። በሬ ደግሞ ስምንቱን ጆንያ አስመጥቶ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ቆሟል።

አህይት ወደ ፊት ወጣች።

«ጋሼ ቀበሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልናገር። መኪናዬ ጠዋት አትነሳም፤ አቀበት ላይ ትፈላለች፤ ከፊት ደግሞ ጭርርር ትላለች። የመጀመሪያ ቀን መናገር ነበረብኝ።»

ቀበሮ ፈገግ አለ። «አህያ ደግሞ መካኒክ ሆነች?»

ጥቂቶች ሳቁ። ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ የደረሰችው ኤሊ ግን ቀስ ብላ ከመኪናዋ ሥር ገባች። ክሪክ አላስፈለጋትም፤ እሷ ቁመቷ ለዚህ የተሠራ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምጿ ከታች መጣ።

«ቺንጋው ላልቷል። ጠርዙም ተበልቷል።»

«ቺንጋው ደግሞ ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው?» አለ በሬ።

«ይህ የጎማ ቀበቶ ሞተሩ ሲሠራ ሁለት ነገር ያዞራል» አለች ኤሊ። «አንዱ ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ነው፤ ሌላው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ። ቺንጋው ሲላላ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል። ፓምፑ በደንብ ካልዞረ ውሃው ይፈላል። ዲናሞው ካልዞረ ባትሪው ባዶ ያድራል፤ አዲስም ቢገባ በማግሥቱ ያው ነው። ሦስት በሽታ የመሰላችሁ አንድ ነው።»

ቀበሮ ቶሎ ብሎ አፉን ከፈተ። «እሱንማ አይቼዋለሁ። ምንም አልሆነም፤ አዲስ ቺንጋ ነው።»

«አዲስ?» አለ አያ ጅቦ፣ ከልቡ ተገርሞ። «ኧረ አለቃ፣ የቆየ ጠፍር ጠፍር ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ ቀምሼዋለሁ እኮ። ጨው ብቻ ነው የጎደለው።»

ከዚያ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጦጣ ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ትንሽ ቀራት። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው» አለችና፣ አህይትን ስታያት ደንገጥ ብላ «ይቅርታ እህቴ፣ ተረት ሆኖብኝ ነው» አለች።

ቀበሮ ግን ቀበሮ ነው። «እሺ፣ ቺንጋ ይሁን። መለዋወጫ የለኝም። ከከተማ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል» አለ።

ሳቁ ቆመ። በሬ ወደ ፀሐይ ተመለከተ፣ ወደ ጆንያው ተመለከተ፣ ከዚያ ሳይወድ በግድ ገመዱን ከትከሻው መፍታት ጀመረ። «ምን ላድርግ አህይት? ልጆች ዱቄት ይጠብቃሉ» አለ። የገመዱ ጫፍ ጀርባዋን ነካት።

ያን ጊዜ ነው አህይት የቀበሮን ወገብ ያየችው። ያንን ሰፊ ሱሪ የያዘው የቆዳ ቀበቶ አይደለም፤ ጥቁር፣ ጥርሱ ያላለቀ፣ እጥፍ ተደርጎ የታሰረ አዲስ ቺንጋ ነው። ልትናገር አፏን ስትከፍት ያ የለመደችው ይሉኝታ መጣ። እንዴት ትልቅን ሰው በአደባባይ ቀበቶህን ፍታ ይሉታል? ገመዱ እንደገና ነካት። ይሉኝታው ጠፋ።

«ጋሼ ቀበሮ፣ ቀበቶዎን ይፍቱልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ቀበቶዎን። የወገብዎ ቺንጋ ነው።»

«በሕዝብ ፊት?»

«በሕዝብ ፊት» አለች አህይት። «ባትሪዬንም፣ ካንዴላዎቼንም፣ ካርቡራቶሬንም ከመደርደሪያው ያውርዱልኝ። ደህና ነበሩ።»

በሬ ገመዱን ይዞ ወደ ቀበሮ አንድ እርምጃ ተራመደ። ቀበሮ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ቺንጋውን ፈታ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ስለዋለ መፍቻ የያዘችው አህይት ራሷ ናት። ኤሊ ከታች ሆና ታዛለች። አህይት የዲናሞውን ብሎን አላላች፣ የተበላውን አውጥታ አዲሱን አጠለቀች፣ ዲናሞውን በእንጨት ወጥራ አጠበቀች።

«በጣትሽ ተጫኚው» አለች ኤሊ። «ትንሽ ብቻ እሺ ይበልሽ። በጣም ከጠበቀም ይጎዳል።»

የራሷ ዕቃዎች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ባትሪዋንም ቀበሮ ሊሸጠው ብሎ ሞልቶት ኖሯል። ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። አህይት ቤንዚን ሰጠቻት፤ ጆሮዋን አቆመች። ጭርርርታው የለም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈረችም።

በሬ ከጎኗ ተቀምጦ፣ ስምንቱ ጆንያ ግማሹ ከኋላ ግማሹ ከላይ ተጭኖ አቀበቱን ጀመሩ። በሬ መንገዱን አላየም፤ ዓይኑን የሙቀት መለኪያው ላይ ተክሎ ነበር። መርፌዋ ከመሐል አላለፈችም። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ በሬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና «ይቅር በይኝ» አላት።

ሲመለሱ አህይት ጋራዡ በር ላይ ቆመች። ቀበሮ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሱሪውን በእጁ ይዟል።

«እመት አህይት፣ ያን ድምፅ የመጀመሪያ ቀን ብትነግሪኝ ምናለበት?» አላት።

«ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔንም ይሉኝታ ይዞኝ ነው። አንዴ ጋራዥ ብዬ ጽፌ ከሰቀልኩ በኋላ አላውቅም እንዴት እላለሁ?»

እውነቱን ይሁን ተንኮሉን እኔ አላውቅም፤ የቀበሮን ነገር ማን አውቆት? አህይትም አልመረመረችውም። የማውቀው ነገር ቢኖር በዚያ ጋራዥ ውስጥ ይሉኝታ ያልያዘው አያ ጅቦ ብቻ ነበር፤ እሱም ቺንጋውን በላ።

ከዚህ የምንማረው፣ ባለቤት የሚሰማውን፣ ባለሙያም የማያውቀውን በይሉኝታ ከደበቁ ደህናው ዕቃ ሁሉ ተፈትቶ ሲያልቅ ሕመሙ ግን ባለበት እንደሚቀመጥ ነው።