የቀይዋ መኪና እንከን

ወይዘሮ የሻረግ ባላቸው ሲሞቱ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፈውን ቀይ የስፖርት መኪናቸውን ለሐራጅ አወጧት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሙሽራ ሲያጥባትና ሲወለውላት የኖረው ምላሰኛ ሹፌራቸውም አብሯት ቀረበ።

ገዢው ተጋፋ። ዋጋው ሽቅብ እየወጣ ሳለ ፊታውራሪ ደምመላሽ ሰዉን በከዘራቸው እየገፉ መጡና ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ጣሪያዋን አስከፍተው የሹፌሩ ወንበር ላይ ጉብ አሉ። ቦርጫቸው መሪውን ቢጫነው ጡሩምባዋ ጮኸች።

“አንተ!” አሉት ሹፌሩን። “ያገለገለች መኪና እንከን አታጣም። የለባትም ካልክ ውሸታም ነህና አስገርፍሃለሁ። አለባት ካልክ ደግሞ በግማሽ ዋጋ እወስዳታለሁ። በል፣ ማርያምን ብለህ ተናገር!”

ወይዘሮ የሻረግ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ተጫራቹም ፊታውራሪን ፈርቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሹፌሩ መኪናዋን ዙሪያዋን ዞሮ አያትና ፊታውራሪ ፊት መጥቶ እጅ ነሣ።

“ማርያምን ጌታዬ፣ አንድ እንከን አለባት። ጣሪያዋ ሲከፈት የተቀመጠባትን ሰው መሸሸግ አትችልም። እንከኑም ቢሆን እርስዎ ሲወርዱ ይለቃታል።”