ከገደል የደወለችው ሰዓት

በአንድ ወቅት፣ ጨረታ ከአደባባይ ወጥቶ በስልክ መካሄድ በጀመረበት ዘመን፣ አጸደ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ደሴ ውስጥ ትኖር ነበር። ባሏ ልመንህ የተወላት አንዲት የጠረጴዛ ሰዓት ነበረች። እሱ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ይሞላታል፤ አንዴ ከተሞላች ሳምንቱን ሙሉ በየሰዓቱ ትደውላለች። ከሞተ በኋላ አጸደ የመሙያዋን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረች። ሰዓቷ በደወለች ቁጥር ግን ልመንህ የገባ እየመሰላት ከመቀመጫዋ ትነሣለች። መነሣቱ ሲያደክማት ሰዓቷን ለጨረታ አወጣቻት።

ጨረታውን የምትመራው ሴት ደወለችላት። «አንቺ፣ መነሻ ዋጋውን ዝቅ አድርጊና በመላኪያ ክፍያው አትርፊ! ሁሉም እንደዚያ ነው የሚበላው።»

«ሁሉም ይብላ። እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች አጸደ።

በማስታወቂያው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ መጫኛ አውቶብሱ የጠየቀውን፣ ማሸጊያ የካርቶኑንና የስፖንጁን ብቻ፣ መድን ገዢው ከፈለገ።

ጨረታውን ያሸነፈው ድንበሩ ነው፤ ከባቡር ጣቢያ ጡረታ ወጥቶ አዳማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሰው። ዕድሜውን በሙሉ በሰዓት ሲነሣና ሲተኛ ኖሮ፣ አሁን የሚጠብቀው ባቡርም፣ ሰዓቱን የሚነግረው ሰውም የለም። ሦስቱንም ክፍያ ሳይከራከር ከፈለ። «መድኑም ይግባላት። መንገደኛ ናት» አለ። ከአልጋው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ጠርጎ ለሰዓቷ ባዶዋን አስቀመጣት።

አጸደ ልታሽግ ስትል ስፖንጁ ሳሳባት። የልመንህን ጋቢ ከወንበሩ ላይ አንሥታ ሰዓቷን ጠቀለለችበት። ቀኑ እሑድ ነበርና እጇ እንደለመደው ሞላቻት፤ ካርቶኑንም ዘጋች። ቁልፉ አንገቷ ላይ መቅረቱን ልብ አላለችም።

መናኸሪያ ስትደርስ ዕቃ የሚጭነው የአውቶብሱ ረዳት እንድሪስ ተቀበላት። «እትዬ አጸደ፣ መድን ምን ያደርግልዎታል? እኔን አደራ ቢሉኝ አይበቃም?»

«አደራም እልሃለሁ፣ መድኑንም እከፍላለሁ። ለመድን ብዬ የተቀበልኩት የሰው ገንዘብ ኪሴ አያድርም።»

ከደብረ ሲና በላይ፣ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ፣ አውቶብሱ በጭጋግ ተንሸራትቶ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። ሰው አልሞተም። ጣሪያው ላይ የነበረው ጭነት ግን ቁልቁል ተበተነ። መድን ሰጪው ድርጅት አላንገራገረም፤ በማግስቱ የሰዓቷን ካሳ ለድንበሩ ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ።

እንድሪስ ግን እንቅልፍ አጣ። ዓይኑን በከደነ ቁጥር የፍሬኑ ጩኸት ጆሮው ውስጥ ይነሣል። ማንም ሳያዘው ወደዚያው ቦታ ተመልሶ በገመድ ወረደ። ሲፈልግ ውሎ ሊመለስ ሲል ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ደወል ሰማ። ጋቢው ተቦጫጭቋል፤ ሰዓቷ ደኅና ናት። ቤቱ ወስዶ ራስጌው አስቀመጣት፤ ድምፅዋን እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው።

ለአጸደም ለድንበሩም ደውሎ እውነቱን ነገራቸው። አልደበቀም።

ድንበሩ ያንኑ ቀን ካሳውን ሊመልስ ድርጅቱ ዘንድ ሄደ። «የተዘጋ ጉዳይ አንከፍትም፤ ሰዓቷንም አንፈልጋትም፣ ተስማሙበት» አሉት። ድንበሩ ለወረደበት ድካም ብሎ ገንዘቡን በሙሉ ለእንድሪስ ላከው፤ እንድሪስ መልሶ ላከለት።

ከዚያ ሦስቱ በአንድ ስልክ ተገናኙ።

«ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ የከፈልኩትም እኔ» አለ ድንበሩ። «ካሳውን አልነካሁትም። ጠረጴዛዋም ባዶዋን ናት።»

«ጋሼ፣ ወላሂ፣ መጫኛው የተከፈለው ለመንገዱ ነው፤ ለገደሉ አይደለም» አለ እንድሪስ። «ሁላችሁም ጠፋች ብላችሁ ተዋችኋት።»

«አደራ ብዬህ አልነበረም?» አለች አጸደ።

«አደራውንማ ካሳው ዘጋው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሽያጩንም ዘግቶታል። የካርቶኑንና የስፖንጁን አስከፍያለሁ። ያተረፋት ግን ጋቢው ነው፤ ጋቢውን ማንንም አላስከፈልኩም። ስትደውል ብቻ የምነሣ መስሎኝ ነበር የሸጥኳት። አሁን ሳትደውልም እነሣለሁ።»

ይህን ሲባባሉ ሳምንቱ ሞላና ሰዓቷ እንድሪስ ራስጌ ላይ ቀጥ አለች። አጸደ አንገቷን ዳበሰች፤ ቁልፉ እዚያው ነው። ሌላ ቁልፍ የሚገጥማት አልተገኘም። ሰዓቷ እንድሪስ ጋ፣ ቁልፉ አጸደ ጋ፣ ባዶዋ ጠረጴዛ ድንበሩ ጋ ቀሩ። ሦስት ቤት ጸጥ አለ።

እኔና ባለቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ እሱ አንዱን ወገን ከያዘ እኔ ሌላውን ይዤ እራቱ እስኪቀዘቅዝ እንከራከር ነበር። አሁን ሁሉንም ወገን ብቻዬን ስለያዝኩት ክርክሩ አይሞላልኝም። ስለዚህ ጻፍኩት፤ የምታነቡት ፍረዱ። የከፈለባት፣ የወረደላት፣ ወይስ ጋቢውን ያለበሰቻት? ሰዓቷ ለማን ትገባለች?