የጎተራው ማሽላና የጅግራዋ አንደበት

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር ለአራዊቱ ሁሉ ወሬ የምትነግር እመት ጅግራ ነበረች። ሥራዋ ቀላል አልነበረም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ወንዙንና ገደሉን ታስሳለች፤ ነገሩን በዐይኗ አይታ ካረጋገጠች በኋላ ትልቁ ዋርካ ላይ ወጥታ ትጮኻለች። «የላይኛው ምንጭ ደርቋል፤ ወደ ታች ውረዱ! ከሜዳው ማዶ ሰደድ እሳት ተነሥቷል!» ትላለች። ሰሚዎቿም ለድካሟ እፍኝ እፍኝ ማሽላ ከዋርካው ሥር ያኖሩላት ነበር።

በኋላ በቀቀኖች መጡ። በቀቀኖቹ የትም አይሄዱም፣ ምንም አያዩም፤ ከዚህም ከዚያም የሰሙትን ቀባብተው በነጻ ያወራሉ። «ዝሆን እንቁላል ጣለ!» ሲሉ አገሩ በሳቅ ይፈርሳል። ነጻ ወሬ እያለ ማን ማሽላ ያወጣል? የጅግራ እህል ሳሳ፤ ክንፏም ዛለ። እስከ ገደሉ መብረር አቃታት።

ይህን ያየ አህያ ንጉሡ አንበሳ ፊት ቀርቦ፣ «ጃንሆይ፣ ጅግራ ከሞተች ምንጩ መድረቁን የምንሰማው እኛ ከደረቅን በኋላ ነው። በጎተራዎ ያለው ማሽላ እኛው ያገባነው ግብር ነው። ከሱ ቀለብ ይቆረጥላት» አለ።

ዝንጀሮ ግን ብድግ አለ። «ኧረ ተዉ! የጎረሰ አፍ መቼ ይናገራል?»

አንበሳ ጥቂት አሰበና፣ «ቀለቡ ይሰጣት» ብሎ ፈረደ። ማሽላውን የሚሰፍርላት ግን የጎተራው ሹም አያ ጅቦ ነበር።

ጅግራ በልታ ጠናች፤ እንደ ድሮዋም መብረር ጀመረች። አንድ ማለዳ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ብትወርድ ያየችው ነገር ላባዋን አቆመው። በመሻገሪያው ላይ ማንም ማንንም እንዳይነካ የንጉሡ አዋጅ ነበር። አያ ጅቦ ግን እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ የሚዳቋን ግልገል ይቆረጥማል።

በርራ ዋርካው ላይ እንዳረፈች ቀበሮ እያለከለከች ከሥሩ ደረሰች።

«እንደምን አደርሽ እመት ጅግራ? ሰሞኑን እንዴት አምሮብሻል!»

«እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?»

«አያ ጅቦ ስትበሪ አይቶሽ ነው የላከኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቀለብሽን እጥፍ ሊያደርግልሽ አስቧል። አንቺም ዛሬ ስለ አየሩ ብታወሪ ደስ ይለዋል።»

«ስለ አየሩ?»

«ደመናው አያምርም? መሻገሪያውም ሰላም ነው ብትይ አይከፋም።»

ጅግራ ቁልቁል ተመለከተች። ሚዳቋ ልጇን እየተጣራች ትንከራተታለች። አህዮች ውርንጭሎቻቸውን አስከትለው ወደ ወንዙ መንገድ ጀምረዋል። ረሃብን ታውቀዋለች፤ የጎተራው በር ሲዘጋባት ታያት። ቢሆንም አላመነታችም።

«ማሽላውን አያ ጅቦ ሰፈረው እንጂ አላመረተውም። እንዲህ ብላለች በዪው» አለችና ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ወጣች። «አትሻገሩ! ጅብ የሚዳቋን ግልገል በልቷል፤ አሁንም ከቁጥቋጦው አድፍጧል!»

አህዮቹ ውርንጭሎቻቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።

ጅብ በንዴት እየጨሰ በቀጥታ ወደ ንጉሡ ሸንጎ ሮጠ። አራዊቱም ተከትለው ተሰበሰቡ።

«ጃንሆይ፣ ይፍረዱኝ! በገዛ እጄ እየሰፈርሁ ያበላኋት ጅግራ ስሜን አጠፋች! እጥፍ እሰጥሻለሁ፣ የግልገሏን ነገር አታንሺ ብዬ ቀበሮን ብልክባት እንኳ እምቢ አለች!»

ቀበሮ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች።

«የቷን ግልገል?» አለ አንበሳ።

ጅብ ዐይኑን አቁለጨለጨ። «ያቺን… ትንሿን ነዋ» አለ።

ጅብ በዚያው ቀን ተሽሮ ከአገር ተባረረ፤ ቀበሮም አብራው።

ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ። «አላልኩም? ይኸው አፏን በቀለብ ሊዘጉት ሞከሩ! ቀለቡ ይቅር!»

«ቀለቡ ባይኖር ወደ መሻገሪያው የበረረችበትን ክንፍ ከየት ታመጣው ነበር?» አለ አህያ። «ልጄን ያተረፈልኝ ያ ማሽላ ነው። የከፋው ሰፋሪው እንጂ እህሉ አይደለም።»

«እንግዲያስ እኔው ራሴ እሰፍርላታለሁ» አለ አንበሳ።

«እርስዎም አይሁኑ፣ ጃንሆይ» አለች ጅግራ። «ነገ ስለ እርስዎ የምናገረው ይኖር ይሆናል።»

አንበሳ ትክ ብሎ አያት። እሷም ዐይኗን አልሰበረችም። በመጨረሻ፣ «እውነትሽን ነው» አለ።

ስለዚህ የዓመት ቀለቧ በመከር ጊዜ በአደባባይ፣ ሁሉም እያየ እንዲሰፈርላትና የተናገረችው ማንንም ቢያስቀይም እንዳይቀነስባት ተስማሙ። ሰሚዎቿም በቀቀኖቹን ትተው እፍኛቸውን እንደገና ማምጣት ጀመሩ።

በማግሥቱ ጅግራ ከዋርካው ላይ ጮኸች፦ «የንጉሡ ደቦሎች ምንጩን አደፍርሰውታል፤ ውሃው እስኪጠራ አትጠጡ!»

አንበሳ ከዋሻው ሆኖ ሰማ። ክፉኛ አጉረመረመ። መከር ሲደርስ ግን ማሽላው አልተቀነሰባትም።

ከዚህ የምንማረው እውነት ነጋሪን ከሕዝብ ጎተራ መቀለብ ነውር አለመሆኑን፣ መስፈሪያው ግን እውነቱ በሚያሳፍረው እጅ መግባት እንደሌለበት ነው።