እትዬ ትርንጎ እስኪቀመጡ

ተረት ተረት ስልህ የላም በረት እንዳትለኝ። ላምም የለ፣ በረትም የለ። ያለችው መኪና ነች፣ እሷም ገና አልተገዛችም። ስልክ አታነሣም፣ እሺ ይሁን፣ ቮይስ ነው የምልክልህ። ረዘመብኝ ብለህ እንዳትዘለው። ሰው ሰውን እንዴት እንደሚያቃጥል ስማ።

የኛ ሰፈሩ ናሁሰናይ አለ አይደል፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላው? ናሁሰናይ አንዲት መኪና ዓይኑ ገባች። ትንሽ ነች፣ ቅንጦቷ ግን የትልቅ ነው። ነጭ፣ ጣራዋ መስታወት፣ በሯ እጅ ሲጠጋው ብቻ የሚከፈት። ወንበሯ ደግሞ ይሞቃል። ወንበር ማሞቂያ! በዚህ ፀሐይ ላይ ወንበር ማሞቅ ምን የሚሉት ነገር ነው? ለሱ ለራሱም አልገባውም። ዋጋዋን ሲነግሩት ጆሮው ቀላ። ያለውን ሁሉ ጠራርጋ የምትወስድ ነች። ታዲያ ትገዛ ወይስ አትገዛ? መቼም ምክር የሚቸግረው ሰው የለም። አንዱ ነዳጅ አትበላም ይላል፣ አንዱ መለዋወጫዋ አይገኝም ይላል፣ አንዱ ደግሞ በዚህ ዋጋ ትልቁን አትገዛም ወይ ብሎ ይስቅበታል።

ናሁሰናይ የፈለገው ግን አንዲት ትንሽ ነገር ነች። እናቱ እትዬ ትርንጎ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ትንሹ ታክሲ ዝቅ ይልባቸዋል፣ ሚኒባሱ ከፍ ይልባቸዋል። ቢሾፍቱ ያሉትን ታላቅ እህታቸውን እትዬ ዘውድነሽን ካዩ ቆዩ። እሳቸውም እዚያ እግራቸው እምቢ ብሏቸው ቤት ውለዋል። ሁለቱ በስልክ ሳንተያይ ልንቀር ነው እየተባባሉ ይላቀሳሉ። ይቺ መኪና ግን ዝቅም አትል፣ ከፍም አትል። ስለዚህ እናቱ አንዴ የፊት ወንበሯ ላይ ቁጭ ይበሉባት። ጉልበታቸው እሺ ካለ ትገዛለች። እምቢ ካለ ቅንጦቷን ይዛ ትቅር። በቃ፣ ይቺው ነች።

እናቱን ጠየቃቸው። እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጠበል ያልነካው መኪና ላይ አልቀመጥም አሉ። አባ ይርጩት፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። እሺ፣ ይሁን። አባ ካልረጩ እናት አይቀመጡ፣ እናት ካልተቀመጡ መኪና አይገዛ፣ መኪና ካልተገዛ እህትማማች አይተያይ።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ወልደ ሐና ሄደ። አባቴ፣ ጠበል ይርጩልኝ፣ እማዬ ትቀመጥ፣ መኪናዋ ትገዛ፣ እህትማማቾቹ ይተያዩ አላቸው። አባ የማን መኪና ነች ብለው ጠየቁ። ገና የሰው ነች አላቸው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሰው ንብረት ስረጭ ልገኝ ነው እንዴ ልጄ፣ ባለቤቱ ራሱ ይዟት ይምጣና ይሁን ይበለኝ አሉት። ሰውየው እውነታቸውን ነው፣ ምን ትላቸዋለህ? ባለቤት አያመጡ፣ አባ አይረጩ፣ እናት አይቀመጡ፣ መኪና አይገዛ፣ እህትማማች አይተያይ።

ወደ ባለቤቱ ወደ ጋሽ ዘርፉ ሄደ። ጋሽ ዘርፉ በሩን ገርበብ አድርገው፣ አንገታቸውን ብቻ አውጥተው ሰሙት። ጋሼ፣ መኪናዋን ያምጡልኝ፣ አባ ይርጩ፣ እማዬ ትቀመጥ፣ መኪናዋ ትገዛ፣ እህትማማቾቹ ይተያዩ አላቸው። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ትታየዋለች፣ በእጅ የምትነካ ናት! ጋሽ ዘርፉ ግን ለደላላው ቃል ሰጥቻለሁ፣ ከጀርባው ከገዢ ጋር አልነጋገርም አሉ። ድንቁ ይደውልልኝ፣ በዚያችው ሰዓት አመጣታለሁ ብለው በሩን ዘጉ። በትህትና ነው የዘጉት፣ እሱ ነው የባሰ ያናደደው። ደላላ አይደውል፣ ባለቤት አያመጡ፣ አባ አይረጩ፣ እናት አይቀመጡ፣ መኪና አይገዛ፣ እህትማማች አይተያይ።

ወደ ደላላው ወደ ድንቁ ሄደ። ድንቁን ታውቀዋለህ፣ ዛፍ ሥር ወንበር ዘርግቶ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው። ድንቄ፣ ለጋሽ ዘርፉ ደውልልኝ፣ እሳቸው ያምጡ፣ አባ ይርጩ፣ እማዬ ትቀመጥ፣ መኪናዋ ትገዛ፣ እህትማማቾቹ ይተያዩ አለው። የሚሠራው አንድ ነገር ነው፣ ቁጥር መንካት። ስልኩ እጁ ላይ ነው። እሱ ሆዬ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ መጥቶ ጎማ በእርግጫ ይመታል፣ ከመኪናዋ ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። መካኒክ ይዞ የመጣ ገዢ ነው። ብቻውን የመጣ ጎብኚ ነው።»

ናሁ ጆሮው ቲማቲም መሰለ። ዞሮ ሄደ። መካኒክ አይመጣ፣ ደላላ አይደውል፣ ባለቤት አያመጡ፣ አባ አይረጩ፣ እናት አይቀመጡ፣ መኪና አይገዛ፣ እህትማማች አይተያይ።

ወደ መካኒኩ ወደ ባዩ ሄደ። ባዩ መኪና ሥር ገብቷል፣ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። እንግዲህ ናሁ ቁጭ ብሎ ለጫማ ነው የሚለምነው። ባዩ፣ አብረኸኝ ና፣ ድንቁ ይደውል፣ ጋሽ ዘርፉ ያምጡ፣ አባ ይርጩ፣ እማዬ ትቀመጥ፣ መኪናዋ ትገዛ፣ እህትማማቾቹ ይተያዩ። ጫማው ተንቀሳቀሰ። ከሥር ድምፅ መጣ። ባለፈው ያቺን ቀይ መኪና ጥሩ ነች ስልህ ሚስትህ ፌቨን አልፈልግም ብላ አፈረሰችው፣ አይደለም? ባሌን ልታሞኝ ነበር ብላ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፣ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። እሷ በአፏ እሺ ካላለች ንቅንቅ አልልም አለ። ናሁ ጎማውን ሊመታው ፈለገና የድንቁ ነገር ትዝ አለው፣ ተወው። ሚስት እሺ አትል፣ መካኒክ አይመጣ፣ ደላላ አይደውል፣ ባለቤት አያመጡ፣ አባ አይረጩ፣ እናት አይቀመጡ፣ መኪና አይገዛ፣ እህትማማች አይተያይ።

አሁን ልብ በልልኝ። ሰውየው ከተማውን ዞሮ ዞሮ የገዛ ቤቱ ገባ። ፌቨን ልብስ እያጠፈች ነው። ሳይቀመጥ ጀመረ። ፌቪ፣ በናትሽ እሺ በይኝ፣ ባዩ ይምጣ፣ ድንቁ ይደውል፣ ጋሽ ዘርፉ ያምጡ፣ አባ ይርጩ፣ እማዬ ትቀመጥ፣ መኪናዋ ትገዛ፣ እህትማማቾቹ ይተያዩ። ፌቨን የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰችና ቀና አለች።

«ያለንን ሁሉ እዚች ጨቅላ መኪና ላይ የምናፈሰው ለእማማ ጉልበት ብለን አይደል? እማማ ገብተው ይቀመጡባት። ተመቸኝ ይበሉ። ያኔ እሺ እላለሁ።»

ሰማህ? እናት ካልተቀመጡ ሚስት እሺ አትል! ሚስት እሺ አትል፣ መካኒክ አይመጣ፣ ደላላ አይደውል፣ ባለቤት አያመጡ፣ አባ አይረጩ፣ እናት አይቀመጡ፣ እናት ካልተቀመጡ ደግሞ ሚስት እሺ አትል። እባብ ጭራውን ነክሶ ተኝቷል፣ በየት በኩል ትገባለህ? የሚያሳብደው ደግሞ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። አንዱ እንኳ ክፉ ቢሆን ተሳድበህ ይወጣልህ ነበር።

ናሁ ወደ ደጅ ወጣ። ያገኘው ባልዲ ነው፣ ባልዲውን በእርግጫ አለው። ባልዲው ግቢውን አቋርጦ እናቱ መስኮት ሥር ጓ ብሎ ወደቀ። እትዬ ትርንጎ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ባልዲው ምን አደረገህ?»

ልጁ ነደደ። እናቱ ላይ ጮሆ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ጮኸ። እማዬ፣ ፌቨን እሺ አትለኝም፣ ባዩ አይመጣልኝም፣ ድንቁ አይደውልልኝም፣ ጋሽ ዘርፉ አያመጡልኝም፣ አባ አይረጩልኝም፣ አንቺ አትቀመጪልኝም፣ ሁሉም የቆመው አንቺ ጋ ነው አላቸው። ትንፋሽ አልወሰደም። ከዚያ አፈረና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

 ይሄን ሁሉ ሰው ማቆማቸውን ለእትዬ ትርንጎ የነገራቸው የለም። እሳቸው ተሳፋሪ ብቻ የሆኑ መስሏቸው ነበር። ቀስ ብለው አጠገቡ መጡ፣ እንደሱ ቁጭ ማለት ስለማይችሉ ትከሻውን ይዘው ቆሙ።

«እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠበሉን ሰበብ አድርጌው ነው» አሉ። «ያን ጊዜ ታክሲው ላይ እንደ ጆንያ ገፍተው ሲጭኑኝ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። አንተን የሚያህል ጎረምሳ ሁሉ ኋላዬን ይዞ ሲገፋኝ። ጉልበቴ ቢታጠፍም ባይታጠፍም ልጄ፣ ሰው አይይብኝ።»

ናሁ ጆሮው ወደ ቦታው ተመለሰ። ማንም አያይሽም እማዬ አላቸው። እውነት ማንም? አሉት። ማንም። እትዬ ትርንጎ ትንሽ አሰቡና ወደ ቤት ዞረው ተጣሩ። አንቺ ፌቨን፣ እቀመጣለሁ ብያለሁ፣ እሺ በይው! ደግሞ ወደ ልጃቸው መለስ አሉና ጠበሉ ግን አይቀርም፣ አንዴ ከአፌ ወጥቷል አሉት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። እናት እቀመጣለሁ ሲሉ ሚስት እሺ አለች፣ ሚስት እሺ ስትል መካኒክ መጣ፣ መካኒክ ሲመጣ ደላላ ደወለ፣ ደላላ ሲደውል ባለቤት አመጡ፣ ባለቤት ሲያመጡ አባ ረጩ። ስንት ቀን የተጓተተው ሁሉ እስከ ምሳ አለቀ! ባዩ ሳይቀር ፌቨንን ሰላም ብሏት፣ እሷም መልሳለት፣ ኮፈኑን ከፍቶ አዳምጦ ሞተሯ ጤነኛ ነች ብሏል።

ታዲያ እትዬ ትርንጎ የመኪናዋ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ለምን መሰለህ? አባ ጠበላቸውን ይዘው ያያሉ፣ ጋሽ ዘርፉ ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው ያያሉ፣ ድንቁ ሁለቱን ስልክ ኪሱ ከቶ ያያል፣ ባዩ ያያል፣ ፌቨን ታያለች። አሥር ዓይን አንድ ጉልበት ላይ! ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ናሁ ይሄኔ ገባው።

«ሁላችሁም ወደ አጥሩ ዙሩ» አለ።

ድንቁ ለምን ሊል ነበር፣ ፌቨን በትከሻው ይዛ አዞረችው። አባም ዞሩ። እንግዲህ በዓይነ ልቦናህ እየው፣ ቄስ፣ ባለ መኪና፣ ደላላ፣ መካኒክ፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ሁሉም ተደርድረው ቆርቆሮ አጥር ላይ አፍጥጠዋል። ከኋላ ጫማ ሲጎተት ይሰማል። ምርኩዝ ወደቀ። የናሁ አንገት ሊዞር አለ፣ ግን ቃል ሰጥቷል፣ ቆርቆሮው ላይ ያለችውን ሚስማር እያየ ጥርሱን ነከሰ።  ከዚያ በሩ ድም ብሎ ተዘጋ።

«አሁን መዞር ትችላላችሁ።»

ዞሩ። እትዬ ትርንጎ የፊት ወንበሯ ላይ ናቸው፣ ነጠላቸው ተስተካክሎ፣ ሁለቱም እግራቸው ውስጥ። እንዴት እንዳስገቡት አይጠየቅም። ናሁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ድንገት ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ነገር ከሥሩ እሳት አለው እንዴ?»

ጋሽ ዘርፉ ደንግጠው ሮጡ። ማሞቂያው ነው፣ የኔዋ ወይዘሮ ከፍታው ነው፣ ይቅርታ፣ አሁን አጠፋዋለሁ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ እትዬ ትርንጎ እጃቸውን መቱት።

«ማንም እንዳይነካው። ሙቀቱ ጉልበቴ ደርሷል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሺ እማዬ፣ ተመቸሽ አይደል፣ አሁን ውረጂና ስለ ዋጋው እንነጋገር አለ ናሁ። አልወርድም አሉ። አልቀመጥም ብለው አገር ያቃጠሉት ሴትዮ፣ አሁን ደግሞ አልወርድም! ዘውድነሽ ጋ ንዳ አሉት። ጋሽ ዘርፉ መኪናዋ ገና የሳቸው ነች፣ ምን ያድርጉ? እናት ስላልወረዱ ልጅ መሪ ያዘ፣ ልጅ መሪ ስለያዘ ባለቤት ኋላ ገቡ፣ ባለቤት ስለገቡ ደላላ ያለኔ ሊዋዋሉ ነው ብሎ ገባ፣ ደላላ ስለገባ ሚስት ገባች። ኋላዋ ጠባብ ነች፣ የሦስቱም ጉልበት አገጫቸው ጋ ደርሶ ቢሾፍቱ ድረስ። አባና ባዩ በር ላይ ቆመው እጅ አውለበለቡ።

እትዬ ዘውድነሽ የመኪናዋን ጥሩምባ ሰምተው በምርኩዝ ወጡ። እህታቸውን በመስታወቱ ሲያዩ እዚያው ደርቀው ቀሩ። ናሁ ሞተሩን ሳያጠፋ እናቱን አየ። ማንንም ዙሩ አላለም። ግን ኋላ ያሉት ሦስቱ፣ ድንቁም ጭምር፣ ራሳቸው በወዲያኛው መስኮት ወደ ሜዳው ዞሩ። እሱም ዞረ። የሚሰማው የበር ድምፅ ነው፣ ቀጥሎ ጫማ፣ ቀጥሎ የሁለት አሮጊቶች ለቅሶ።

አልቅሰው ሲጠግቡ እትዬ ዘውድነሽ ዓይናቸውን ጠርገው ይቺ ደግሞ ምንድን ነች ብለው ጠየቁ። እህታቸው ግቢና ተቀመጪ፣ ከሥር ይሞቃል አሏቸው። ሁላችሁም ዙሩ ተባለ፣ ሁሉም ዞረ። እትዬ ዘውድነሽ ገቡ። ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሳቸውም አልወርድም አሉ። ናሁ ምን ያድርግ፣ መኪናዋ እዚያው ተገዛች።

እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ፣ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርብህ። ስልክህን ብቻ አንሣ።